የጅሬን ጕዞና የአንድ ቀን ማዕድ



በቅርብ ጊዜ በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ አንድ አንባቢ ለዚህ ገጽ ደብዳቤ ጽፈውልናል። ነገሩ እንዲህ ነው። በሥራ ምክንያት ወደ ጅማ ይሄዳሉ፤ ሥራቸውን ከፈጸሙም በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ይተርፋቸዋል። አውቶሞቢላቸውን የሚነዱት ራሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አማታቸው አብረዋቸው አሉ፤ በሁለተኛው አውቶሞቢል ደግሞ የልብ ወዳጃቸው የሆኑ አንድ የእስልምና ተከታይ ከነቤተ ሰባቸው ይከተሏቸዋል። በዚህ በአንድ ቀን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥትና መስጊድ በጅሬን፣ የቡናውን አገር በአጋሮ፣ ቢቻል ደግሞ ቦንጋን ለማየት፣ ያገሩንም ምግብ ለመቅመስ አስበዋል። ቀኑንም ዓርብ ብለው ቈርጠዋል። «በስንት ሰዓት ብንነሣ ይሻላል? የትስ ብንበላ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ወደ ሰዓቱ ነገር ኋላ እንመጣበታለን። አስቀድሞ ቀኑ መለወጥ አለበት።

በጅማና በጅሬን ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው የእስልምና ተከታይ ነው። ዓርብ በቀትር የጁምዓ ስግደት አለ። የጅሬኑ መስጊድም እስከ ዛሬ የሚሰገድበት ቤት እንጂ ለመታየት ብቻ የቆመ የጥንት ዕቃ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት የሚመጣ ጐብኚ ሰጋጁን ያውካል፤ ራሱም የሚያየው ጥቂት ነው። የደብዳቤው ጸሐፊ ወዳጅም ቢሆኑ ከስግደታቸው ሊቀሩ አይፈልጉም። በሌላ ወገን ዓርብ ለክርስቲያኑ ጾም ነው። አማታቸው እንደ አረጋውያን ልማድ ቀኑን አጋምሰው የሚጾሙ ከሆነ፣ በአንዱ አውቶሞቢል ጾመኛ፣ በሁለተኛው ሰጋጅ ተቀምጦ፣ ልጆቹ በመካከል ሲራቡ ቀኑ ያልፋል። ረቡዕም ከስግደቱ በቀር እንዲሁ ነው።

«የጾም ወጥ በየትም ይገኛል፤ ጾም ጕዞን ምን ይከለክላል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጕዞን አይከለክልም፤ ያገሩን ምግብ ለመቅመስ የሚደረገውን ጕዞ ግን ይከለክላል። የጅማና የአካባቢው ማዕድ በቅቤ የተመሠረተ ነውና። ገንፎው መካከሉ ተጐድጕዶ ቅቤ ይፈስበታል። ቡናው እንኳ በጨው፣ አንዳንድ ጊዜም በቅቤ ይጠጣል። ከሁሉ ይልቅ እንግዳ ሰው ሳይቀምሰው መመለስ የሌለበት ቡና ቀላ የሚባለው ነው። ቃሉ የኦሮምኛ ነው፤ ቀላ ማለት ማረድ ስለ ሆነ ነገሩ «የታረደ ቡና» ማለት ይሆናል። ከነገለፈቱ የደረቀውን ቡና፣ ማለት ጀንፈሉን፣ ጫፉን በጥርስ ነክሰው ይከፍቱታል፤ ከዚያም በሸክላ ዕቃ ቅቤ አቅልጠው ይቈሉታል። ፍሬው በቅቤው ውስጥ እየፈነዳ ሽታው ቤቱን ሲሞላው ሽማግሌ ይመርቃል፤ ፍሬው ይበላል፤ ቅቤው ፊትና እጅ ይቀባል። ድሮ ቡና ከመጠጣቱ በፊት እንዲህ ይበላ ነበር ይባላል። ይህን ያለ ቅቤ መሥራት አይቻልም፤ እንግዲህ በጾም ቀን የሚመጣ ክርስቲያን ሽታውን ብቻ አሽትቶ ይመለሳል።

ቀኑ ብቻ ሳይሆን ወራቱም ይቈጠር። በጅማ ዝናብ ከብዙው የአገራችን ደጋ ቀድሞ ይጀምራል፤ ከመጋቢት አንሥቶ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ይዘንባል፤ በክረምቱ ልብ ደግሞ የገጠሩ መንገድ ጭቃ ነው። የቡናው ፍሬ የሚቀላውና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ነው። ነገር ግን ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ይገባል፤ እስከ ልደት ድረስም ቅቤ የለም። ስለዚህ ለጾመኛ ቤተ ሰብ መልካሙ ጊዜ ከጥቅምት መግቢያ እስከ ኅዳር 14 ቀን ያለው ነው፤ ዝናቡ ቀንሷል፤ ቡናው ቀልቷል፤ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር የዐዋጅ ጾም የለም። ይህ ወር ተኩል ያህል ዕድሜ ያለው ጊዜ ካለፈ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ሁለተኛ ዕድል አለ፤ በመካከል የነነዌን ሦስት ቀን ማሰብ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ፍሬው ከዛፉ ወርዷል፤ ቀደም ያለ ዝናብ ከጣለ ግን ነጩ የቡና አበባ ይፈነዳል፤ ሽታውም እንደ ጽጌ ነው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ የማይጾም መሆኑን የሚያነሣ ሰው ልክ ነው፤ ዳሩ ግን በዚያ ወራት በጅማ ዝናቡ ጀምሯል።

ከዚህ በላይ አንድ ሌላ ሒሳብ አለ። የረመዳን ጾም በጨረቃ ስለሚቈጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ቀድሞ ይመጣል፤ በባሕረ ሐሳባችንም አይገኝም። በረመዳን ቀን ላይ ወደ ጅሬን የሚሄድ ሰው የሚያስተናግደው ሰው ራሱ የማይበላውን ምግብ እንዲያቀርብለት ያስገድደዋል። ይህንንም ከእስላም ወዳጅ ጠይቆ መረዳት እንጂ በግምት መሄድ አይገባም። ለደብዳቤው ጸሐፊ ይህን ሁሉ ቈጥሬ ቀኑን ወደ ቅዳሜ እንዲያዛውሩት መልሼ ጽፌላቸዋለሁ።

አሁን ስለ መንገዱ እንናገር። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ የጊቤን ሸለቆ ተሻግሮ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ ለብቻው የአንድ ቀን ሥራ ነውና ከጕብኝቱ ጋር አይደባለቅ። ከጅማ መካከል እስከ ጅሬን ቤተ መንግሥት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልሱ 14 ይሆናል። ከጅማ እስከ አጋሮ በበደሌ መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልሱ 90። ሁለቱ ሲደመሩ ከመቶ ጥቂት ያልፋሉ፤ ይህም ለልጅና ለአረጋዊ የማይከብድ መጠን ነው። ቦንጋ ግን በጎጀብ ወንዝ በኩል ወደ ደቡብ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ደርሶ መልሱ ከ200 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ከሌሎቹ ጋር ቢጨመር ቤተ ሰቡ የሚያየው የአውቶሞቢሉን መስታወት ብቻ ነው። ቦንጋ ለራሱ ሌላ ቀን ይገባዋል፤ የከፋ ደን በ2010 በዩኔስኮ የሕያዋን ጥብቅ ክልል ሆኖ የተመዘገበ አገር ነውና በግማሽ ቀን ተገርፎ የሚታይ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ለአውቶሞቢሉ ብዙ ዝግጅት አያሻውም፤ ቢሆንም ቤንዚኑ በዋዜማው ማታ ይሞላ፤ በጧት ሰልፍ ሊያጋጥም ይችላል። ስኮርታ ጐማውና ክሪኩ መኖራቸውን ሾፌር ያለው ሰው ለሾፌሩ ይተወው ይሆናል፤ ራሱ የሚነዳ ግን ራሱ ዓይቶ ይመን። ወደ ጅሬን የሚወጣው ዳገት ሲወረድ ፍሬኑን ሳይለቁ መውረድ ፍሬኑን ያሞቀዋል፤ በከባድ ማርሽ መውረድ ይገባል። በጧት ጉም ይኖራል። በመንገዱ ላይ አህያ፣ ከብት፣ የትምህርት ቤት ልጅና ባጃጅ ሁሉም የየራሱ ጌታ ነው፤ ስለዚህ መንገዱ ባዶ መስሎ ሲታይ እንኳ በዝግታ መንዳት ነው።

የሚነሡበት ሰዓት ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ይሁን፤ ወደ ጅሬን ሲደርሱ ጉሙ ይገለጣል። ከኮረብታው ላይ የጅማ ከተማ በሙሉ ከሥር ይታያል፤ ንጉሡ ይህን ቦታ ስለ ምን እንደ መረጡት ለልጅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ያየው ይረዳዋል። ከሥር ያለው ከተማ በድሮ ስሙ ሂርማታ ይባል ነበር፤ የሐሙስ ገበያው በደቡብ ምዕራብ አገር ሁሉ የታወቀ ነበር። መንግሥት ከላይ በጅሬን፣ ንግድ ከታች በሂርማታ ነበር ማለት ነው። ዛሬ የምናየውን የከተማውን መልክ በብዙ ወገን የሠሩት ከ1936 እስከ 1941 የነበሩት ጣልያኖች ናቸው፤ እነርሱም ከላይ ያለውን ትተው ከታች ያለውን አሰፉ።

የጅማ መንግሥት በ19ኛው መቶ ዓመት ከጊቤ ወዲያ ከተነሡት ከአምስቱ የኦሮሞ መንግሥታት አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። የመሠረቱት ቀዳማዊ አባ ጅፋር በ1830 ገደማ ነገሡ። ከእርሳቸው በኋላ አባ ሬቡ፣ አባ ቦቃ፣ አባ ጎሞል ተከታትለው ገዙ፤ ከእነርሱም አባ ቦቃ እስልምና በአገሩ እንዲስፋፋ በማድረጋቸው ይታወቃሉ። ስማቸው ሁሉ በአባ የሚጀምረው የፈረስ ስም ስለ ሆነ ነው፤ ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዳግማዊ ምኒልክም አባ ዳኘው ይባሉ ነበርና።

ቤተ መንግሥቱ የዳግማዊ አባ ጅፋር ነው። በ1861 ተወልደው በ1878፣ ማለት በ17 ዓመት ዕድሜያቸው ነገሡ፤ እስከ 1932 ድረስም 54 ዓመት በስም ገዙ። ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ ነበር ይባላል፤ ልጆች ከሁሉ ይልቅ የሚያስታውሱት ይህን ነው። ለቤተ ሰብ ገጽ ግን ይልቅ የሚጠቅመው የእናታቸው የገነ ጉሚቲ ነገር ነው። የምኒልክ ኃይል ወደ ጊቤ በቀረበ ጊዜ ጐረቤት መንግሥታት ሲዋጉ፣ ጅማ ያለ ጦርነት ገብሮ ራሱን እያስተዳደረ እንዲኖር ልጃቸውን የመከሩ እርሳቸው እንደ ሆኑ ይተረካል። ይህ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሆነ፤ ከዚያም ጅማ ግብሩን በየዓመቱ እየከፈለ፣ በአገሩ ሕግና በራሱ ንጉሥ ግማሽ መቶ ዓመት ያህል ኖረ። ለዚህ ሰላም የተከፈለው ወርቅና ማር ብቻ አልነበረም። በ1894 በወላይታ፣ በ1897 በከፋ በተደረጉት ዘመቻዎች የጅማ ጦር ከምኒልክ ጦር ጋር አብሮ ዘምቷል። ራስ ገዝነቱም በ1932 ቀርቶ ጅማ በቀጥታ ከማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ፤ አባ ጅፋርም በዚያው ዓመት አረፉ።

ቤቱ ባለ ፎቅ ሆኖ በብዛቱ የተሠራው በእንጨት ነው፤ ሰፊ በረንዳውና የተቀረጹት ምሰሶዎቹ ካገራችን የደጋ አዳራሾች የተለየ መልክ ይሰጡታል። በውስጡ የዙፋን ቤት፣ የእንግዳ መቀበያ፣ የዘበኛ ክፍልና ችሎት ነበሩበት። እኔ የችሎት ጸሐፊ ስለ ሆንሁ ከሁሉ ይልቅ በዚህ በመጨረሻው ክፍል መቆየት እወዳለሁ፤ ሌላው ሰው ግን በፎቁ በረንዳ ይቆያል። እንጨቱ ያረጀ ስለ ሆነ ልጆች መደገፊያውን ተደግፈው እንዳይዘሉ ወላጅ ይጠብቅ፤ ይህ ስለ ልጁም ስለ ቤቱም ነው። በግድግዳ ላይ ስም መጻፍና እንጨት መሸርከት በብዙ ታሪካዊ ቤት ያየሁት ጥፋት ነው፤ የተማረ ሰው ልጅ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይጽፋል፤ መጻፍ ያውቃልና።

አንድ ነገር ለልጆች ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በዚያ በታወቀው የሂርማታ ገበያ ቡናና ማር፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ብቻ አይሸጥም ነበር፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። በቤተ መንግሥቱም ያገለግሉ የነበሩት አብዛኞቹ ባሮች ነበሩ። የምሰሶውን ውበት ለልጁ የሚያሳይ አባት ምሰሶውን ተሸክሞ ዳገቱን የወጣው ማን እንደ ሆነም ቢነግረው ታሪኩ ሙሉ ይሆናል።

ወደ መስጊዱ ሲገቡ ጫማ ማውለቅ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ትምህርት የሚሻ ነገር አይደለም። ሴቶች ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ያድርጉ። ከመግባት በፊት ጠባቂውን «ይፈቀዳልን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ አይፈቀድም ቢል ከደጅ ማየት በቂ ነው። በሚሰግድ ሰው ፊት አያልፉም፤ ፎቶግራፍም አያነሡበትም። የደብዳቤው ጸሐፊ ዕድለኛ ናቸው፤ ወዳጃቸው ይመሯቸዋል። አማታቸው ወደ መስጊድ ለመግባት ባይፈልጉ ማንም አያስገድዳቸው፤ በበረንዳው ወንበር ቢቀመጡ ከዚያ የሚታየው አገር ይበቃቸዋል።

ወደ ከተማ ሲመለሱ ከመንገዱ አጠገብ የአባ ጅፋር መቃብር አለ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ማየት ይገባል። ከተማም ሲገቡ የጅማን ሙዚየም ይመልከቱ፤ የንጉሡ የቤት ዕቃ ያለው በዚያ ነው። ቤተ መንግሥቱን ባዶውን ያየ ልጅ ወንበሩንና ዕቃውን በሙዚየሙ ሲያይ ሁለቱን በሐሳቡ ያገናኛቸዋል፤ ስለዚህ ጅሬን ይቅደም፣ ሙዚየም ይከተል። የሚከፈትበትን ሰዓት በዋዜማው በስልክ ወይም በሰው ጠይቆ ማወቅ ከተዘጋ በር መመለስን ያስቀራል።

አሁን ወደ ምሳው ደረስን፤ በእኔ አስተያየት የቀኑ ከባድ ነገር ይህ ነው።

በአገራችን ክርስቲያን እስላም ያረደውን፣ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበላ ሁሉ ያውቀዋል፤ በየከተማውም ሥጋ ቤቱ መስቀል ወይም ጨረቃ ሥሎ ይታያል። ሁለት ቤተ ሰብ በአንድነት ወጥተው ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱ ውለው በምሳ ሰዓት ሥጋ ቢያዙ ሁለት ትሪ ይቀርባል፤ የአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ትሪ እጁን ሲዘረጋ እናቱ ትይዘዋለች፤ ልጁም ያን ቀን ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ የእናቱን እጅ ያስታውሳል። «እኛ የሠለጠንን ነን፤ ምን አለበት» ብሎ ወዳጁን የሚገፋፋም አለ። ይህን አልወደውም። አማታቸው 70 ዓመት የጠበቁትን ሥርዓት በአንድ ምሳ እንዲተዉ የሚጠይቅ ሰው ሥልጣኔን አላስተማራቸውም፤ ምሳቸውን ብቻ ነሣቸው። የወዳጅዬውም ሃይማኖት እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ሁሉ ከአንድ መሶብ እንዲበላ ሥጋውን መተው ነው። በቅቤ የተሠራ ሽሮ፣ ምስር፣ ጐመን፣ ዓይብ፣ እርጎ፣ እንቍላል፣ ዓሣም ከተገኘ ዓሣ፤ በእነዚህ ላይ ማንም ቢላዋ አላነሣምና ጥያቄ የለባቸውም። ቅዳሜ ስለ ሆነ ቅቤውና እርጎው ለክርስቲያኑም ተፈቅዷል፤ ቀኑን የለወጥነው ለዚህም ነው። በአገሩ በሰፊው የሚተከለው እንሰት ስለ ሆነ ቆጮ ከዓይብና ከጐመን ጋር ቢቀርብ ያገር ምግብ መቅመስ ማለት ይህ ነው። አቮካዶና ሙዝ በጅማ ገበያ ሞልቷል። ለመጠጥ ብርዝ ይበቃል፤ ማሩን በውኃ በጥብጦ ሳይብላላ መጠጣት ነው፤ የማይሰክር ስለ ሆነ ለእስላሙም ለልጁም ለሚነዳውም ሰው ይሆናል። ጠጅን በዚያ ቀን ማንሣት አይገባም፤ ወዳጅን ያገልላል፤ አውቶሞቢሉንም ወደ ገደል ይመራል። አማታቸው በሰው ዕቃ የተሠራ ወጥ የሚጠራጠሩ እንደ ሆነ ግን እመቤቲቱ ከቤት ድፎ ዳቦና ቆሎ ይዘው ይሂዱ። ድፎው በመሶቡ ላይ ከሌላው ጋር ቢቈረስ፣ አማቲቱ ከእርሱ ሲበሉ ለብቻቸው የተቀመጡ አይመስልም።

ከምሳ በኋላ፣ ወዳጅዬው ከቀትሩ ስግደት ሲመለሱ፣ 7 ሰዓት ላይ ወደ አጋሮ መነሣት ይቻላል። መንገዱ በየቡ በኩል ያልፋል፤ ከየቡ ጀምሮ በግራና በቀኝ የሚታየው ጥቍር አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ ቡና ነው። ከላዩ የቆሙት ትልልቅ ዛፎች በቸልታ ሳይቈረጡ የቀሩ አይምሰላችሁ፤ ቡና የጥላ ተክል ስለ ሆነ ገበሬው ሆን ብሎ የተዋቸው ናቸው። በአንዳንዶቹም ላይ ረዥም ድብልብል ቀፎ ተሰቅሎ ይታያል፤ ንቡ ከጫካው አበባ እየቀሰመ የሚሠራው የዚህ አገር ማር የተመሰገነ ነው፤ ይልቁንም ወደ ጌራ በኩል ያለው ነጩ ማር።

አጋሮ የድሮው የጎማ መንግሥት አገር ነው። ከእርሱ ሳይርቅ ጮጬ የሚባል ቀበሌ አለ፤ ያገሩ ሰው ቡና መጀመሪያ የታወቀው በዚህ ነው ይላል፤ ፍየሎቹ ፍሬውን በልተው ሲፈነጥዙ እረኛው ያየበትን ቦታም ያሳያል። የከፋ ሰዎች ደግሞ ይህን ክብር ለራሳቸው ያደርጉታል። ጅማ ለብዙ ዓመት የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆና ስለ ኖረች ነገሩ ይበልጥ ተደባልቋል። በችሎት ያደግሁ ብሆንም በዚህ ክርክር ዳኛ መሆን አልሻም። በማስረጃ የተረጋገጠው፣ አረቢካ የሚባለው የቡና ዘር ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች የወጣ መሆኑ ነው፤ ሁለቱም ተከራካሪዎች በዚህ ደን ውስጥ ናቸው። የፍየሎቹ ተረት ግን ከታወቁት ጽሑፎች ቀድሞ የተገኘው በ1671 በሮም በታተመ መጽሐፍ ነው፤ በዚያም የተጻፈው ስለ ኢትዮጵያ ሳይሆን ስለ ዐረብ አገር ነው። ይህን በጮጬ ለሚያስጐበኝ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ቡና ቀላው በአጋሮ ቢሆን መልካም ነው። ይህ በሆቴል ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ የሚገኝ ስላልሆነ በዋዜማው በወዳጅ ወይም በአስጐብኚ በኩል ለአንድ ባለ ቤት መልእክት መላክ ያስፈልጋል። ባለ ቤቲቱ ጀንፈሉን ነክሳ በቅቤ ስትቈላ ሁለቱ ቤተ ሰብ በአንድ ምንጣፍ ይቀመጣሉ። ሥጋው ሁለት ትሪ ሲያወጣ፣ ይህ የታረደ ቡና ግን ቢላዋውን ማን እንደ ያዘው አያስጠይቅም። ሽማግሌው ሲመርቅ እጅ ዘርግቶ አሜን ማለት ለሁሉ የተፈቀደ ነው። ከዚያ በኋላ የተለመደው ቡና ይፈላል፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው፤ ጨው ጣል ቢደረግበት አይደንግጡ።

አማታቸው ምናልባት «በእስላም ቤት ቡና!» ብለው ቢያመነቱ፣ አንድ ታሪክ ይነገራቸው። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ በደጋው ብዙ ክርስቲያን፣ ይልቁንም ካህናት፣ ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብለው ይሸሹት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መጠጣት ሲጀምሩ፣ አቡነ ማቴዎስም ይህን ሐሳብ ለማስቀረት ሲደክሙ፣ ነገሩ እየቀረ ሄደ። ዛሬ እርሳቸው በቤታቸው በየጧቱ የሚጠጡት ያው ነው። ይህም ሆኖ አልጠጣም ካሉ ስለ ጤናቸው ነው ብሎ ማለፍ ነው፤ የአጋሮ ባለ ቤት ጨዋ ነው፤ አይጠይቅም።

ከአጋሮ ከ10 ሰዓት ተኩል አይለፍ። ፀሓይ ሳትጠልቅ ጅማ መግባት ያስፈልጋል፤ በዚያ ሰዓት ከብቱ ከግጦሽ ይመለሳል፤ መብራት የሌለው ጋሪም በመንገዱ ላይ ነው። የሚገዛ ነገር ካለ በመመለሻው ይገዛ። ኮረሪማው የዚህ ደን ፍሬ ስለ ሆነ ለቡናም ለንጥር ቅቤም ያገለግላል፤ ሳይሰበር ከነቅርፊቱ የተሸጠው ሽታውን ይጠብቃል። ቡና የሚገዛ ሰው ጥሬውን አፍሶ በመዳፉ ያሽተው፤ የሻጋታ ሽታ ካለው ሳይደርቅ የተከማቸ ነው። ከአንድ ግንድ ተቀርጾ የሚወጣው ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ የታወቀ ነው፤ ስንጥቅ እንዳለው ከሥሩ ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል፤ እርጥብ እንጨት በደጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና። ማሩ ደግሞ በፕላስቲክ ዕቃ ሳይሆን ክዳኑ በሚጠብቅ ብርጭቆ ይሁን፤ ከአውቶሞቢሉ ኋላ ሳይሆን ከእመቤቲቱ እግር አጠገብ ይቀመጥ፤ በጊቤ ቍልቍለት ሙቀት ፈስሶ ልብስ ያበላሸበትን ሰው አውቃለሁ።